የመጀመሪያው የማህፀን ምርመራ እንዳያስፈራ፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የማህፀን ምርመራ የሚደረግላቸውን ሴቶች አቀባበል ይመለከታል

አዋላጅ ነርስ ነኝ። በአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል እሠራለሁ፤ ነፍሰ ጡር እከታተላለሁ፣ አዋልዳለሁ፣ የቤተሰብ ምጣኔ እሰጣለሁ፣ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም አደርጋለሁ። ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ሥራ ጫና ልጽፍላችሁ አልተነሣሁም። የምጽፈው ሴት ልጅ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የማህፀን ምርመራ ሊደረግላት ስለምትወጣበት አልጋና በዚያ አልጋ ዙሪያ ስለሚሆነው ነገር ነው። እዚያ ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚደርስባት ነገር በቀሪው ዕድሜዋ ወደ ጤና ተቋም መመለሷንና አለመመለሷን ይወስናል። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው።

መሥሪያ ቤታችሁ በዚህ ረገድ ትልቅ ሥራ ጀምሯል። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ዶዝ በዘመቻ ተሰጠ። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ከሌሎቹ የሚለየው ካንሰር ከመሆኑ በፊት ለዓመታት የሚታይና እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ሊታከም የሚችል ምልክት ስላለው ነው። ለዚህም ነው ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች እንዲመረመሩ የምንጠራው፤ ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸውን ደግሞ ቀደም ብለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረገው ስትራቴጂም ከልጃገረዶች 90 በመቶው እንዲከተቡ፣ ከሴቶች 70 በመቶው እንዲመረመሩ፣ ችግር ከተገኘባቸው 90 በመቶው እንዲታከሙ ይላል።

ክትባቱ ጥሩ ተሂዶበታል። መሃል ላይ ያለው 70 በመቶ ግን በመርፌ የሚደረስበት አይደለም፤ ሴቲቱ ራሷ በእግሯ መጥታ፣ ልብሷን አውልቃ፣ አልጋው ላይ መውጣት አለባት። በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመቷ የነበረች ልጅ በ2027 ዓ.ም. 30 ትደፍናለች። እስከዚያ ድረስ ደግሞ በሌላ ምክንያት፣ በወር አበባ ሕመም ይሁን በፈሳሽ፣ ሉፕ ለማስገባት ይሁን በእርግዝና፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተመርምራ ታውቃለች። ያ ምርመራ ካስደነገጣት በ30 ዓመቷ ብንጠራት አትመጣም። «ምርመራው በነፃ ነው» ብለን ብንለጥፍም አትመጣም።

እምቢ የሚሉ ሴቶች ምክንያታቸውን ቶሎ አይነግሩንም። «ዛሬ አልተዘጋጀሁም»፣ «የወር አበባዬ ላይ ነኝ»፣ «ባለቤቴን ላማክረው» ይላሉ። ተቀምጠን ስናወራ ግን ብዙ ጊዜ ከሥሩ አንድ የቆየ ነገር ይወጣል፦ የተጮኸባት፣ በሩ የተከፈተባት፣ ያልተነገራት ነገር በድንገት የተደረገባት ቀን።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላንሣ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ። ወር በመጣ ቁጥር ሕመሙ አልጋ ላይ ይጥላታል፤ ያስመልሳታል፤ ፈተና ያስቀራታል። እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት ከአክስቷ ጋር ወደ ሌላ ተቋም ሄዳ ነበር። እዚያ ሁለት አልጋ ባለበት ክፍል፣ መጋረጃው ግማሽ ድረስ ብቻ ተስቦ፣ በአክስቷ ፊት «አግብተሻል?» ተብላ ተጠየቀች። «አላገባሁም» አለች። ሌላ ጥያቄ አልመጣም። «ፓንትሽን አውልቂና አልጋው ላይ ውጪ» ተባለች። ወጥታ ጉልበቷን ስትገጥም «እንዲህ ሆነሽ እንዴት ልትወልጂ ነው?» የሚል ሰማች። ወዲያው በሩ ተከፈተና ካርድ የያዘ ሰው ገባ። ልጅቷ ፓንቷን በእጇ ጨብጣ ወርዳ ሄደች።

እኛ ጋ ስትመጣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠመጥማለች። አክስቷን «እትዬ፣ ከእሷ ጋር ትንሽ ላውራ፤ እባክዎ ውጭ ይጠብቁን» ብዬ ሸኘኋቸው። በሩን ቆለፍኩ። «ዛሬ ካልፈለግሽ ምንም ምርመራ የለም፤ መጀመሪያ እናውራ» አልኳት። ከዚያ ለብቻዋ ሆና ልትጠየቀው የሚገባውን ጠየቅኳት፦ ከወንድ ጋር ግንኙነት አድርጋ ታውቅ እንደሆነ፣ ይህንንም የምጠይቃት የሚያስፈልጋትን ምርመራ ለመለየት ብቻ እንደሆነ፣ መልሷ ለአክስቷ እንደማይነገር። አድርጋ አታውቅም።

እንግዲህ ያ ሁሉ ድንጋጤ ለማያስፈልግ ምርመራ ነበር ማለት ነው። ግንኙነት ላልጀመረችና ችግሯ የወር አበባ ሕመም ለሆነ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ታሪኳን በደንብ መስማት፣ ሆዷን በውጭ በእጅ መዳሰስ፣ ካስፈለገም በሆድ ላይ የሚደረግ አልትራሳውንድ ይበቃል። ውሃ ጠጥታ፣ ሽንቷን ይዛ፣ አልትራሳውንዱ ታየላት። ኢቡፕሮፌን ሕመሙ እስኪጠና ሳትጠብቅ ገና ሲጀማምራት ከምግብ በኋላ እንድትወስድ ተነገራት፤ ካልተሻላትም ሌላ መድኃኒት እንዳለ። በቀጠሮዋ ቀን ብቻዋን መጣች።

«አግብተሻል?» የሚለው ጥያቄ በሌላ በኩልም ይጎዳል። ሳታገባ ግንኙነት ያላት ሴት «አላገባሁም» ብላ በእውነት ትመልሳለች፤ እኛም ጉዳዩን እዚያው እንዘጋዋለን። ሆዷን በአንድ ወገን የሚቆርጣት ከማህፀን ውጭ እርግዝና ይዟት ቢሆንስ? ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነገር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ትዳርን ሳይሆን ግንኙነትን በቀጥታ የሚጠይቅ፣ ደግሞም ያለ እናት፣ ያለ አክስት፣ ያለ ባል የሚጠየቅ እንዲሆን በካርዱ ቅጽ ላይ ጭምር ይስተካከል። ይህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ነው።

ሳያስፈልግ አለመመርመር የሌሎች አገሮችም መንገድ ነው። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ልጃገረዶች ከ13 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ የመጀመሪያ ጉብኝት እንዲያደርጉ ሲመክር፣ ያ ጉብኝት በአብዛኛው የውስጥ ምርመራ የሌለበት፣ ለመተዋወቅና ለመጠያየቅ የሚሆን ነው ይላል። እዚያው አገር የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ምልክት የሌላትንና ነፍሰ ጡር ያልሆነችን ሴት እንዲያው በልማድ የውስጥ ምርመራ ማድረግን እንደማይደግፍ አስታወቀ። ባለሙያ «ላይሽ» ከማለቱ በፊት ለምን እንደሚያይ ራሱን ይጠይቅ።

የሚያስፈልግበት ጊዜ ግን አለ። ጊዜውን ያልጠበቀ ደም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማይለቅ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ሉፕ፣ ቅድመ ካንሰር ምርመራ። ለእነዚህ የምትመጣ እህቴ ይህን ደብዳቤ ከሚኒስቴሩ ቀድማ ታነበው ይሆናል፤ ምን እንደሚጠብቃት እዚሁ ልንገራት። ብዙውን ፍርሃት የሚያመጣው አለማወቅ ነውና።

እህቴ፣ ከመግባትሽ በፊት ሽንትሽን ሽኚ። ለአልትራሳውንድ ሙሉ ፊኛ ያስፈልጋል ተብለሽ ከሆነ ያ ሌላ ነው፤ በእጅና ስፔኩለም በሚባለው መሣሪያ ለሚደረግ ምርመራ ግን ባዶ ፊኛ ይሻላል፣ ግፊቱን ይቀንሰዋል። ለቅድመ ካንሰር ምርመራ ከሆነ የወር አበባሽ ያለፈበትን ቀን ምረጪ፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ውስጡን በሳሙና አትታጠቢ፣ የሚገባ መድኃኒትም አትጠቀሚ። ሰፋ ያለ ቀሚስ ብትለብሺ የምታወልቂው ፓንትሽን ብቻ ነው፤ ቀሚሱ ሲሰበሰብ ጉልበትሽን ይሸፍንልሻል። ፀጉር መላጨት አያስፈልግም። ስለ ፀጉርሽ፣ ስለ ሽታሽ፣ ስለ ላብሽ ይቅርታ አትጠይቂን። እኛ የምንፈልገው ሕመምሽን ነው።

አልጋው ላይ በጀርባሽ ትተኛለሽ፣ መቀመጫሽን ወደ ጠርዙ ታመጪዋለሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ ወደ ጎን ትለቂዋለሽ። መጀመሪያ ውጭው ይታያል። ቀጥሎ ስፔኩለም የሚባለው መሣሪያ ይገባል፤ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ፣ እንደ ዳክዬ አፍ ተዘግቶ የሚገባና ውስጥ ቀስ ብሎ የሚከፈት ነው። ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ አለው፤ ትንሹን መጠየቅ ትችያለሽ። ብረቱ በሞቀ ውሃ ቢነካ ቅዝቃዜው ይጠፋል፣ ሲገባም ይለሰልሳል። በእሱ በኩል የማህፀንሽ በር ይታያል። ለቅድመ ካንሰር ከሆነ በጥጥ የተነከረ ቀለል ያለ አሴቲክ አሲድ ይቀባል፤ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ያው አሲድ ነው። አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። የተለወጠ ሕዋስ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ትንሽ ሊያቃጥልሽ ይችላል፣ ወዲያው ይተውሻል። ነጭ ታየ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት የሚታከም ነገር ነው። በመጨረሻ ካስፈለገ በጓንት ሁለት ጣት ገብቶ በሌላ እጅ ሆድሽ ላይ ተጫን ተደርጎ የማህፀንሽ መጠንና ሕመም ያለበት ቦታ ይለያል። ሁሉም ተደምሮ ጥቂት ደቂቃ ነው። ጫና ይሰማሻል፤ ከዚያ በኋላም ትንሽ ደም ጠብ ሊል ይችላል። የሚቆርጥ፣ የሚያስጮህ ሕመም ግን መታገሥ ያለብሽ ነገር አይደለም። ተናገሪ።

መፍራትሽ ያለ ነው። ሰው ሲፈራ ትንፋሹን ይይዛል፤ ትንፋሽ ሲያዝ የዳሌ ውስጥ ጡንቻ አብሮ ይጨመደዳል፤ ያን ጊዜ ትንሹ ስፔኩለም እንኳ ያማል። ስለዚህ ወደ ውስጥ ከመሳብ ይልቅ ወደ ውጭ መተንፈስ ላይ አተኩሪ፤ ሻማ እንደማጥፋት በኃይል ሳይሆን ቀስ ብለሽ፣ ረጅም። ጥርስሽን አላቅቂ፤ ጨብጠሽ ከሆነ እጅሽን ክፈቺና ሆድሽ ላይ አድርጊው። የእግርሽን ጣቶች አንቀሳቅሺ። መቀመጫሽ ከአልጋው ከተነሣ መልሰሽ አሳርፊው። ከመጀመሩ በፊት «እጄን ሳነሣ ይቁምልኝ» በይ፤ ስታነሺ ይቆማል። መሣሪያውን ለማየት፣ ለመንካት፣ ከፈለግሽም ራስሽ ለማስገባት መጠየቅ ትችያለሽ። ሴት ባለሙያ እንድታይሽ ጠይቂ፤ ካልተገኘች ሌላ ሴት በራስጌሽ እንድትቆም። እናትሽ ወይም ጓደኛሽ ብትገባ ደስ ካለሽ ትግባ፤ ካላለሽ ትውጣ። መሃል ላይ «ዛሬ ይበቃኛል» ብትይ ሌላ ቀን ትመጫለሽ እንጂ ያጠፋሽው ነገር የለም።

ወደ እናንተ ልመለስ። አሁን ለእህቴ የነገርኳት ሁሉ የሚሠራው ከአልጋው ማዶ የቆመው ባለሙያ ሲተባበር ነው። እጇን ስታነሣ ካልቆመ እጇን ማንሣቷ ምን ዋጋ አለው? «ዘና በይ» እያልን ጣታችንን የምናስገባ ከሆነ ጡንቻዋ ቃላችንን ሳይሆን ጣታችንን ነው የሚሰማው። መረጋጋት ከታካሚዋ ብቻ የሚጠበቅ ምግባር መሆኑ ይቅር። ክፍሉ ይሰጣት።

ክፍሉ የሚሰጣት ደግሞ በትንሽ ነገር ነው። ከውስጥ የሚቆለፍ በር። እስከ ታች የሚደርስ መጋረጃ። አልጋው እግርጌው ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ግድግዳው መዞሩ፤ ይህን ለማድረግ ሁለት ሰውና አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ግን ስንት ክፍል ገብቼ እግርጌው ከበሩ ትይዩ ሆኖ አይቻለሁ! የጉልበት መሸፈኛ አንሶላ፣ እሱ ባይኖር የራሷ ነጠላ። እያንዳንዱን ነገር ከመንካት በፊት መናገር፦ «አሁን ጭንሽን እነካለሁ፤ አሁን ትንሽ ጫና ይሰማሻል»። ብዙ ሴቶች አልጋው ላይ ሲሆኑ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይጥላሉ። ይህን አልከለክልም፣ መሸሸጊያቸው ነው። ግን ፊቷ ሲሸፈን ሕመሟ አይታየኝምና በየመሃሉ «አለሽ? ልቀጥል?» እላለሁ። ካልመለሰች አልቀጥልም። ዝምታዋን እንደ ፈቃድ የምንቆጥር ባለሙያዎች አለን፤ ይህ መቅረት አለበት።

በተለይ የተገረዙ ሴቶችን በተመለከተ ጠበቅ ያለ ሥልጠና እንድትሰጡን እጠይቃለሁ። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 65 በመቶው እንደተገረዙ ያሳያል። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ግርዛትን በአንቀጽ 565፣ ብልት መስፋትን በአንቀጽ 566 ይከለክላል፤ ይሁን እንጂ ሕጉ ከመውጣቱ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የተገረዙት ልጆች ዛሬ ታካሚዎቻችን ናቸው። በአፋርና በሶማሌ አካባቢ ብልታቸው የተሰፋ ሴቶች ይመጣሉ። ለእንዲህ ያለች ሴት መካከለኛው ስፔኩለም እንኳ አይገባም፤ በግድ ከተሞከረ ይቀደዳል። አንዳንዷ የዚያን የሕፃንነት ቀን ሁሉ የምታስታውሰው እንዲህ ተኝታ እግሯ ሲከፈት ነው፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ለምን እንደሆነም ለራሷ ግልጽ ላይሆንላት ይችላል። ባለሙያው አይቶ «ውይ!» ካለ፣ ወይም ሌላ ሰው ጠርቶ «ና እይ» ካለ ያቺ ሴት ሁለተኛ አትመጣም፤ ጎረቤቷንም አታመጣም። ሊል የሚገባው ሌላ ነው፦ «የተገረዝሽ ይመስለኛል፤ እንዳያምሽ ትንሹን እጠቀማለሁ፣ ካልሆነም እንተወዋለን፣ ሌላ መንገድ አለን።»

ሌላ መንገድ በእርግጥም አለ። ለኤችፒቪ ምርመራ የሚሆነውን ናሙና ሴቲቱ ራሷ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ጫፉ ለስላሳ በሆነ ቀጭን እንጨት ወይም ብሩሽ ልትወስደው ትችላለች። ስፔኩለም የለም፣ እግር ከፍቶ መተኛት የለም፣ የሚያያት ሰው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ይደግፋል። ቫይረሱ የተገኘባት ሴት ከዚያ በኋላ መታየት ይኖርባታል፤ ያልተገኘባት ግን አልጋው ላይ ሳትወጣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። የኤችፒቪ ምርመራ በተጀመረባቸው ቦታዎች ሁሉ ራስን መመርመር የመጀመሪያው ምርጫ ሆኖ ይቅረብ፤ ለፈሩት ብቻ የሚወጣ መጠባበቂያ አይሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲሄዱ ይህን ማስረዳት ይችላሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ከእኛ ይልቅ እነሱን ያምናሉ።

አሁን ወደሚከብደኝ ጉዳይ ልግባ። እናቶች፣ አንዳንዴም ወንድሞች፣ ልጅ ይዘው ይመጡና «ልጃገረድ መሆኗን እዩልን» ይላሉ። ልጅቷ ጥግ ላይ ትቆማለች። ለእሷ የመጀመሪያው የማህፀን ምርመራ ይህ ሊሆን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት፣ ዩኤን ዊሜንና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በጋራ ባወጡት መግለጫ ይህ ምርመራ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና እንዲቀር አሳስበዋል። ልክ ናቸው፤ የክብረ ንጽሕና ሽፋን ከሴት ሴት ይለያያል፣ የአንዳንዷ ስትወለድ ጀምሮ ሰፊ ነው፣ የአንዳንዷ ከግንኙነት በኋላም ለውጥ አይታይበትም፤ አይቶ መመስከር የሚችል ዓይን የለም። ማናቸውም የመንግሥትም የግልም ተቋም እንዲህ ያለ ወረቀት እንዳይጽፍ ከእናንተ ግልጽ ሰርኩላር ያስፈልገናል። በእጃችን የምናሳየው ደብዳቤ ካለን ቤተሰብን «ሕጉ አይፈቅድልንም» ብለን በሰላም መመለስ እንችላለን። አሁን የምንመልሰው በራሳችን ድፍረት ነው፤ ድፍረት ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም።

የተደፈረች ልጅ የመጀመሪያ ምርመራዋ ፖሊስ ባለበት፣ ማስረጃ በሚሰበሰብበት ሁኔታ ይሆናል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የሕግ ጉዳዩን አንድ ቦታ ያደርገዋል፤ ልጅቷም ታሪኳን በየቢሮው አትደጋግምም። ወላጆች ይህን ቢያውቁ፣ በተለይ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት ቢያውቁ፣ «እንዳይሰማ» ብለው ቀኑን አያሳልፉም ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ «ትፈቅጃለሽ?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም ክፍል በላይ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ሳትጠየቅ ተወስዶባታልና።

የማስተማሪያ ሆስፒታሎችን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ተማሪ መማር አለበት፤ እኔም በሰው ገላ ላይ ነው የተማርኩት። ግን ፈቃዷ ልብሷን እንደለበሰች፣ ቁጭ ብላ፣ ተማሪዎቹ ሳይገቡ ይጠየቅ። ስንት ሰው እንደሚገባ ይነገራት። እምቢ ብትል ሕክምናዋ እንደማይጓደል ይነገራት። እግሯን ከፍታ ተኝታ ሳለች ስምንት ነጭ ጋውን ገብቶ ሲከባት «እሺ» ብትል ያ እሺታ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለአገራችን እንግዳ ነገር ነው የሚል ካለ የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልን ያስብ። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ይህ ሆስፒታል በሽታቸውን ለእናታቸው እንኳ ለማሳየት ያፈሩ፣ ሽንት ስለሚፈሳቸው ከሰው የተገለሉ ሴቶችን ሲቀበል ኖሯል። እነዚህ ሴቶች ተመርምረዋል፣ ታክመዋል፣ ድነዋል። ራሷ የፊስቱላ ታካሚ የነበረችው ማሚቱ ጋሼ ዓይን በዓይን እያየች ሥራውን ለምዳ ሌሎችን እስከ ማከም ደርሳለች፤ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት ለውጭ አገር ሐኪሞች ሳይቀር አሳይታለች። እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ ያወቀ ሰው እጁን እንዴት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። እኛ ሁላችን ታካሚ ሆነን ልንማረው አንችልም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የአዋላጅነትና የሕክምና ተማሪ ልብሱን እንደለበሰ አልጋው ላይ ወጥቶ፣ እግሩን በማስቀመጫው ላይ ሰቅሎ፣ በሩ ሲከፈት ምን እንደሚሰማው ለአንድ ደቂቃ ቢያይ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የሚወስደው ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

«ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ» የሚለው የእናንተው መርሕ በየግድግዳችን ተለጥፏል። እኔ የማምንበት ቃል ነው። የምለምናችሁ ለማህፀን ምርመራ ክፍል ወደሚለካ ነገር እንድትቀይሩልን ነው። የጤና ተቋማትን ስትገመግሙ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? መጋረጃው ይደርሳል ወይ? ትንሹ ስፔኩለም አለ ወይ? ታካሚዋ ለብቻዋ ተጠይቃለች ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ስንት ሴት መረመራችሁ ብላችሁ እንደምትጠይቁን ሁሉ ስንቷ በቀጠሮዋ ተመለሰች ብላችሁም ጠይቁን።

በትምህርት ቤት ክትባቱ በሚሰጥበት ቀን ደግሞ አምስት ደቂቃ ስጡን። ልጆቹ ተሰልፈው ክንዳቸውን ሰብስበው ሲጠብቁ አይቻቸዋለሁ፤ መርፌውን ይፈራሉ፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ያልፋል። ያን ቀን አንዲት ነርስ ፊታቸው ቆማ፣ አድገው ሊመጡበት የሚችሉት ምርመራ እንዳለ፣ የማህፀን በር የት እንዳለ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ሊነካቸው እንደማይገባ፣ «ይቁም» ማለት እንደሚችሉ ብትነግራቸው የዛሬ አሥር ዓመት እኛ ክፍል የምትገባው ወጣት ሌላ ሰው ትሆናለች። ይኸው ጽሑፍ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ታትሞ በየምርመራ ክፍሉ በር ውጭ፣ ሴቶቹ ተራ በሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉት በሥዕል ይሁን። ጽሑፉን ለማዘጋጀት አዋላጆች ካስፈለጓችሁ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ በትርፍ ሰዓታችን፣ ያለ ክፍያ እንሠራለን። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት አዋላጅ ነርስ

ግልባጭ፦
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለጤና ሳይንስ ኮሌጆችና ለሕክምና ትምህርት ቤቶች
ሴት ልጅ ላላችሁ ወላጆች ሁሉ